ጀልባ የሚሰምጠው ዳር ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። «ተሳቢ ሥር ተጋድመህ ምን ታደርጋለህ?» «መኪና ነው ጀልባ?» «ደህና ነህ ግን?» ደህና ነኝ። ጀልባ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ለማታውቁኝ፦ ባሕር ዳር በአውቶ መካኒክ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ጥቂት ዓመት ጋራዥ ሠርቼ፣ ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል የገባሁ ሰው ነኝ። እዚህም የጀመርኩት ጋራዥ ነው። በኋላ ያ የሥራ ልምድ ተቆጥሮልኝ ሃይስኩል መምህር ሆንኩ። ብረት መቁረጥ፣ መበየድ፣ ሞተር መፍታት አስተምራለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ለተማሪዎቼ በየቀኑ የምላት አንዲት ነገር አለች፦ «አትገምት፣ ለካ!» ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ታሳፍረኛለች።

ጀልባዋን የገዛሁት ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ከወጡ ጎረቤቴ ነው። ሽማግሌው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ውሃ ላይ መውጣት ትተው ነበር። ጀልባዋ ግቢያቸው ውስጥ ተሳቢዋ ላይ ሆና ሙጃ ሲበቅልባት አየሁና ጠየቅኳቸው። ተሳቢውን ጨምረው በ1,400 ዶላር ሰጡኝ። ባለቤቴ «ጣራው እያፈሰሰ ጀልባ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። ውሃ ዳር አድጌ አሥራ ሁለት ዓመት አስፋልት ላይ ስኖር የሆነ ነገር ጎድሎኝ ነበር። የዋሽንግተን ሐይቅ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው። ጣና ከሱ ከ30 እጥፍ በላይ ትበልጣለች፤ ቢሆንም ውሃ ውሃ ነው፣ ምን ይደረግ።

ካታሊና 22 ትባላለች። ፍራንክ በትለር የሚባል አሜሪካዊ የነደፋት ናት። ከ1969 ጀምሮ ከ15 ሺህ በላይ ተሠርተዋል፤ ስለዚህ ብርቅ አይደለችም፣ የጀልባ ቮልስዋገን በሏት። ርዝመቷ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ውስጧ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ትንሽ ጓዳ አላት።

አሁን ስለ ኪሉ ላስረዳችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ኪል ማለት ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ክንፍ መሰል ብረት ነው። ንፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባዋ ሁለት ነገር ማድረግ ትፈልጋለች፦ መገልበጥና ወደ ጎን መንሸራተት። የኪሉ ክብደት እንዳትገለበጥ፣ ስፋቱ ደግሞ ወደ ጎን እንዳትሄድ ይይዛታል። የኔዋ ኪል 550 ፓውንድ የሚመዝን ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው። ወደኛ ሲመጣ ሁለት ኩንታል ተኩል። ዳር የቆመ ሰው ነጩን ሸራ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ይሄን የዛገ ብረት የሚያየው የለም።

ሁለት ኩንታል ተኩል ብረት ከሥሯ የተንጠለጠለባትን ጀልባ በተሳቢ ጎትቶ ውሃ ዳር ማውረድ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የዚች ኪል ይታጠፋል፤ እንደ ሰንጢ ማለት ነው። ፊት በኩል አንድ ኢንች የሚወፍር ፒን አለ፤ ኪሉ በሱ ላይ ይዞራል። ፒኑን የሚይዙት ሁለት ማንጠልጠያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በአራት ቡሎን ከጀልባዋ ሆድ ጋር ይታሰራሉ። ኋላ በኩል ካቮ ታስሮበት ጓዳው ውስጥ ባለ ዊንች ይጠቀለላል። ኪሉ ሲነሳ 60 ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃታል፤ ሲወርድ አንድ ሜትር ተኩል ትጠልቃለች።

ካቮው ከጓዳው ወደ ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። አዎ፣ የጀልባዋ ሆድ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ቀዳዳ! ቀዳዳው ላይ ከፋይበርግላስ የተሠራ ጉብታ አለ፤ ባለጀልባዎቹ «እሳተ ገሞራ» ነው የሚሉት። ከጉብታው አንገት እስከ ዊንቹ ድረስ የጎማ ቱቦ ይለበስና ላይና ታች በብረት ማሰሪያ ይጠበቃል። ውሃው በቱቦው ውስጥ ከሐይቁ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ ሐይቁ ወደ ጓዳ ይገባል። ነገርየው ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ምንም የለውም።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጀልባዋ ማዕበል ሲያጋጥማት ከሥር «ዱብ… ዱብ…» የሚል ድምፅ ትሰጥ ነበር። ኪሉ ማንጠልጠያው መሃል ላልቶ ግራና ቀኝ ሲማታ ነው። ጋራዥ ያደገ ሰው ይሄን ድምፅ ያውቀዋል፤ ያለቀ ቦኮላ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጓዳው ወለል ሥር ውሃ ማግኘት ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ ስፖንጅ፣ ከዚያ ግማሽ ባልዲ። «ዝናብ ነው» አልኩ፤ ሲያትል ዝናብ ማላከኪያ አይጠፋም። ስንፈጥን ደግሞ ካቮው ውሃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ያዜማል። ይሄ የነዚህ ጀልባዎች ጠባይ ነው ይባላል፤ እኔም ድምፁን ወደድኩት። ከሥር ያለውን ነገር ሄጄ ማየት ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ተውኩት።

ባለፈው ኦገስት አንድ ቅዳሜ ልጄንና የባለቤቴን እህት ልጅ ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ያ የሚንኳኳውን ነገር አይተኸዋል?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

አላየሁትም ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ውሸት እንኳ አልመሰለኝም። «አውቀዋለሁ» ለማለት ያህል ነበር። ልጄ አሥር ዓመቷ፣ የእህቷ ልጅ ስምንት። ያን ቀን ከሰዓት ንፋሱ ጠንከር አለ፤ ጀልባዋ ጋደል አለች፤ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ኪሉ «ዱብ» ሲል ልጁ «ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዓሣ ነው፣ ሰላም ሊለን ነው» አልኩት። ሳቀ። ሁሉም በሰላም ገባ።

ኤፕሪል ላይ ሽማግሌው ጎረቤቴ በግቢዬ ሲያልፉ ቆመው «ካቮውን መቼ ቀየርከው?» አሉኝ። እሳቸው በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት ነበር፤ ለዚያውም ብዙ ጊዜ ጨው ውሃ ላይ ይወጡ ስለነበር በየወሩ ያዩት ነበር። ከተዉት ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ጭራሽ አልቀየርኩትም። ፊታቸውን አይቼ ያኑለት ማታ ባትሪ ይዤ ተሳቢው ሥር ገባሁ።

ካቮው ከማይዝግ ብረት የተገመደ ነው። ሰባት ጉንጉን፣ በእያንዳንዱ ጉንጉን 19 ቀጫጭን ክር፤ በጠቅላላው 133። ከኪሉ ጋር የሚታሰርበት ጫፍ ላይ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨባሯል። ከላይ ሲታይ ያብረቀርቃል እኮ! ቆርጬ አወጣሁትና የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በመርፌ እየለየሁ ቆጠርኩ። ከሰባቱ ጉንጉኖች ሦስቱ ጭራሽ ተበጥሰዋል፤ አራተኛው ተጋምሷል። ኦገስት ላይ ልጆቹን ይዤ ስወጣ ሁለት ኩንታል ተኩሉን ይጎትት የነበረው ይሄ ነው።

ካቮ ኪሉ ተነስቶ ሳለ ቢበጠስ ብረቱ በራሱ ክብደት ተወርውሮ ይወርዳል። የጀልባዋን ሆድ መትቶ ሊሰነጥቅ ይችላል። ዊንቹን የያዘ እጅም አይተርፍም። ዊንቹን የምታዞረው ደግሞ ልጄ ነበረች፤ «እኔ ላዙር፣ እኔ ላዙር» ስለምትል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እኛ ዘጌ አባዬ ታንኳ ነበራቸው። ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ታውቁታላችሁ። ማገዶ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ያደርሱና ይመለሳሉ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። አባዬ የቱንም ያህል ደክመው ቢመለሱ፣ እራት ሳይቀምሱ፣ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው አቁመው ያደርቁት ነበር። የላላ እስር ካለ በጣታቸው እየዳሰሱ ያጠብቁታል። እኔ እርቦኝ «አባዬ፣ ነገ አይሆንም?» ስል «ታንኳ የሚሰምጠው ዳር ላይ ነው ልጄ» ይሉኛል። ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር። ዳር ላይ ምን ውሃ አለና? ያን ሌሊት ገባኝ። እዚያ መሃል የሚሆነው ነገር የሚወሰነው እዚህ ዳር ላይ ነው፤ ማንም ሳያይህ፣ ደክሞህ፣ እርቦህ።

በማግሥቱ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ካቮውን አሳየኋት፣ «አይቼዋለሁ» ያልኩሽ አላየሁትም ነበር አልኳት። ውሃውን ዘጋች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ለእህቴ አንተ ትነግራታለህ» አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ለእህቷ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታኝ «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ልጇን ወደኛ ቤት ስታመጣ እሱ ወደ ጀልባዋ አቅጣጫ እንኳ እንዲሮጥ አትፈቅድለትም። አልተቀየምኩም። በምን አፌ!

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ አምስት ሳምንት ፈጀ።

መጀመሪያ ጀልባዋን በወፍራም ጣውላ ደርድረን ከተሳቢው ከፍ አደረግናት። ሽማግሌው ቆመው ያዝዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ከኪሉ ሥር ሁለት ክሪክና አሮጌ ጎማ አደረግን። ሁለት ኩንታል ተኩል ብረት አይቀለድበትም፤ እጅም እግርም ከሥሩ አይገባም። ማንጠልጠያዎቹን የያዙትን አራት ቡሎኖች በዘይት አርሰን አንድ ሌሊት አሳደርናቸው፤ ክራቸው ፋይበርግላሱ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ በጉልበት ከተፈታ ሌላ ጣጣ ነው። ሦስቱ ወጡ። አራተኛውን ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያልኩ ሁለት ሰዓት ለመንኩት።

ኪሉ ወርዶ ጎማው ላይ ሲተኛ ፒኑን አወጣሁ። በጣቴ ስዳብሰው መሃሉ ላይ ጎድጉዷል። የማንጠልጠያዎቹ ቀዳዳ ክብነቱ ቀርቶ እንቁላል ሆኗል። ያ «ዓሣ» ያልኩት ይሄ ነበር። በካሊፐር ለካሁት። «አትገምት፣ ለካ» የሚለው መምህር ሁለት ዓመት ሲገምት እንደኖረ ያኔ በቁጥር አየው። ማንጠልጠያውንም ፒኑንም በአዲስ ቀየርኩ፤ በኪሉና በማንጠልጠያው መሃል ግራና ቀኝ ራንዴላ ጨምሬ ልቅነቱን ቀነስኩ። አጥብቄ አልዘጋሁትም፤ በነፃ መውረድ አለበት።

ብረቱ ላይ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ተነፋፍቷል። ሥሩ ዝገት ነው። የጀልባ ሆድ ቀለም መዳብ አለበት፣ አቧራው መርዝ ነው፤ ስለዚህ ጭምብል አድርጌ ፋቅኩት። ጨው እንዳይቀር ብረቱን ደጋግሜ አጠብኩ። ይሄን ልብ በሉ፦ የተፋቀ ብረት በሰዓታት ውስጥ እንደገና መቅላት ይጀምራል። ስለዚህ ታጥቦ እንደደረቀ የመጨረሻውን ፍቅ አድርጌ የዚያኑ ቀን የመጀመሪያውን የኤፖክሲ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ጉድጓዶቹን በኤፖክሲ ስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ ሦስት እጅ ደገምኩበት።

ቡሎኖቹ ሲመለሱ ክራቸው ላይ ማሸጊያ ይቀባል፤ ውሃ በክሩ ሾልኮ እንዳይወጣ። የማሸጊያ ዓይነት አለው። አንዳንዱ ከያዘ ዕድሜ ልክ ነው፤ ፋይበርግላሱን ይዞ ይነሳል እንጂ አይለቅም። አንድ ቀን እንደገና የምትፈቱት ቡሎን ላይ እሱን አትጠቀሙ። የሚለቀውን ዓይነት ገዛሁ። አዲስ ካቮ፣ አዲስ ቱቦ፣ አዲስ የማይዝጉ ማሰሪያዎች። የጉብታውን አንገት ከአሮጌ ማሸጊያ ፍቄ አጽድቼ ቱቦውን አለበስኩት። ማሸጊያው እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ።

ሜይ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ወጣች። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ ልጄ የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን ከቤት ጀምራ ለብሳ መኪና ውስጥ ገባች። ሽማግሌው አንድ ነገር አስተምረውኝ ነበር። ጀልባዋን ውሃ ውስጥ አስገባት፣ ከተሳቢው ግን አትፍታት፤ ቱቦው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፍና ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። እጅ የማይሰማውን ርጥበት ሶፍት ይናገራል።

ጠበቅን። ልጄ ባትሪ ይዛ ጎንበስ ብላ ታያለች። ሃያ ደቂቃ ሲሆን «አባ፣ ጫፉ ርሷል» አለችኝ።

አየሁት። የሃምሳ ሳንቲም ታህል ርጥበት። እውነቱን ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ይሄማ ምንም አይደለም» ነው። አምስት ሳምንት ለፍቻለሁ። ፀሐይ ወጥታለች። ዳቦው አለ። ከኋላችን ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ቀና ስል ባለቤቴ ዳር ቆማ ታየኛለች፤ ምንም አትልም።

ጎትቼ አወጣኋት። ድፎውን መናፈሻው ሣር ላይ በላንና ወደ ቤት ተመለስን። ልጄ እያለቀሰች።

ማታ ቱቦውን ፈትቼ ትንሽ መስታወት ከአንገቱ ጀርባ አስገብቼ አየሁ። ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነበር ያጸዳሁት። እጄ በማይደርስበት፣ ዓይኔ በማያየው በኩል አሮጌው ማሸጊያ እንደ ጠባሳ ጉብ ብሎ ቀርቷል። አዲሱ ቱቦ እዚያ ላይ አልገጠመም። እንደገና ፋቅኩ፣ በመስታወት እያየሁ። እንደገና ገጠምኩ። እንደገና አንድ ሳምንት።

ባለቤቴ ያን ሰሞን አንዲት ነገር ተናገረችኝ፤ አሁን ፍሪጃችን ላይ ልጄ በትልቅ ፊደል ጽፋ ለጥፋታለች። «ከእንግዲህ አይቼዋለሁ አትበለኝ፤ አሳየኝ።» ለጀልባዋ ብቻ አልሆነችም። የመኪናው ፍሬን ላይም፣ የጭስ ጠቋሚው ባትሪ ላይም፣ የልጄ የቤት ሥራ ላይም እየሠራች ነው። ለአባዬ ደውዬ ሁሉንም ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ደርቋል?» አሉኝ።

ያለፈው እሑድ እንደገና ወጣን። ፎቶው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የመጨረሻውን ሳይ የተነሳ ነው። የባለቤቴ እህት ልጇን ይዛ መጣች። ሳልጠራት። ጀልባዋ ከተሳቢው ሳትፈታ ገባችና ባትሪውን ከልጄ እጅ ተቀብላ ጓዳው ውስጥ ተንበረከከች። ሶፍቱን ራሷ አነጠፈች። ሠላሳ ደቂቃ እዚያው ተቀመጠች፤ እኔ ውጪ ገመድ የምጠቀልል መስዬ እጠብቃለሁ። በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንደዚያ የጨነቀኝ ትዝ አይለኝም።

ወጣች። ሶፍቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደረቅ ነበር።

«አንድ ሰዓት ብቻ» አለች፤ «እኔም እሄዳለሁ።»

ንፋሱ ቀላል ነበር። ካቮው ትንሽ አዜመ። ልጁ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ዓሣው የለም» አለ። ዓሣ እንዳልነበረ ነገርኩት። ምን እንደነበረም ነገርኩት። እናቱ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ትሰማ ነበር።

እንግዲህ የፎቶው ታሪክ ይሄ ነው። እናንተም ቤት የሚንኳኳ፣ የሚያንጠባጥብ፣ «ነገ አየዋለሁ» ያላችሁት ነገር ካለ ዛሬ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉ። መልካም ሳምንት።